ለድንኳን ነው ወይስ ለሳሎን?

ድሮ ልጅ ሥዕል መሳሉ የሚታወቀው የሒሳብ ደብተሩ ገጽ ሲሳሳ ነበር። ዛሬ ልጆቻችን የሚስሉት በስልክና በታብሌት ነው። ወረቀት አይጎድልም፣ እርሳስ አይሰበርም፣ ግድግዳም አይቆሽሽም። ስለዚህ ብዙዎቻችን ልጁ እየሳለ መሆኑን ሳናውቅ «ስልክ ላይ ተጥዶ ዋለ» ብለን እንቆጣለን። አንድ ቀን ሥዕሉን ሲያሳየን ደግሞ አፋችንን ይዘን እንቀራለን። ወዲያው የሚመጣልን ሐሳብም «ይሄማ በትልቁ ታትሞ መሰቀል አለበት» የሚል ነው።

ወጪውም ጭቅጭቁም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አዳማ ውስጥ ካሉት ማተሚያ ቤቶች አንዱ ጋ ገብታችሁ «በትልቁ አትሙልኝ» ብትሉ አታሚው «በምን?» ይላችኋል። ባነር አለ፣ ስቲከር አለ፣ ካንቫስ አለ፣ ፎቶ ወረቀት አለ፣ ሰሌዳ ላይ የሚታተምም አለ። ብዙ ወላጅ «ረከስ ባለው» ይላል፤ ልጁን በጣም የሚወድ ደግሞ «በውዱ» ይላል። ሁለቱም ለአታሚው መልስ አይሆኑትም። መልሱን የሚሰጠው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ሥዕሉ የት ይሰቀላል? ለስንት ጊዜስ?

እኔ ነርስ ነበርኩ እንጂ አታሚ አይደለሁም። ሆኖም በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ጤና ጣቢያዎች ባገለገልኩባቸው ዓመታት ስለ ቀለምና ስለ ፀሐይ አንድ ነገር ተምሬአለሁ። የክትባት ፖስተር መስኮት አጠገብ ስንለጥፍ መጀመሪያ የሚጠፋው የሕፃኑ ጉንጭ ነበር። ቀዩና ቢጫው ይሸሻል፣ ሰማያዊው ይቀራል። ከጥቂት ወራት በኋላ እናትም ልጅም ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ። እኛ ጤና ባለሙያዎች ብርሃን የሚያበላሸውን መድኃኒት በቡናማ ጠርሙስ የምናስቀምጠው፣ የሳንባ ነቀርሳ ክትባትን ከፀሐይ የምንጋርደው በዚሁ ምክንያት ነው። ብርሃን ያለ ድምፅ ይሠራል፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ከሆነ በኋላ ነው። የእኛ አገር ፀሐይ ደግሞ ቀላል አይደለም። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሰማዩም በዓመቱ ብዙ ወራት ጥርት ያለ ነው። ወደ መቂና ወደ ባቱ ስትወርዱም ያው ነው።

በቅርቡ ጎረቤቴን ይዤ ማተሚያ ቤት ለማተሚያ ቤት የዞርኩበትን ጉዳይ ልንገራችሁ። ባለቤታቸው የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ካሜራ ፊት መቆም የማይወዱ ሰው ስለነበሩ የቀረው መንጃ ፈቃድ ላይ ያለች ጉርድ ፎቶ ብቻ ናት። የልጅ ልጃቸው፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከዚያች ጉርድ ፎቶና ከራሷ ትዝታ ተነሥታ አያቷን በታብሌት ሳለቻቸው። ሁለት ወር ፈጀባት። ለሙት ዓመቱ ትልቅ ሆኖ ይታተም ተባለ።

የሟች ወንድም ከሻሸመኔ መጥተው «ባነር ነው እንጂ ሌላ ምን አለ? ሁለት በሦስት አሠርተን ድንኳኑ ፊት እንሰቅለዋለን፤ በኋላ ሳሎን ይገባል» አሉ። ጎረቤቴ ዝም ብለው ቆዩና «እኔ ፊቱን ላስቲክ ላይ አላየውም» አሉ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ቤተሰቡ ለዚህ የመደበው ገንዘብ ብዙ አይደለም፤ ሁለቱን ዓይነት በትልቁ ማሠራት አይቻልም። ለነገሩ ሁለቱም ልክ ነበሩ። አንደኛው የሚያወሩት ስለ ድንኳን ነው፣ ሌላኛዋ ስለ ሳሎን።

እንግዲህ ዘዴዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ባነር ወይም ፍሌክስ የምንለው ከውስጡ የፖሊስተር መረብ ያለው፣ በፕላስቲክ የተለበጠ ሸራ ነው። ለሠርግ፣ ለምርቃትና ለሱቅ የምናየው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታተመው በሶልቨንት ወይም በኢኮ ሶልቨንት ቀለም ነው። ሶልቨንት ማለት ቀለሙን ፕላስቲኩ ውስጥ የሚያስገባና በኋላ እየተነነ የሚወጣ ፈሳሽ ነው። ዝናብና ነፋስ ይችላል፣ በትልቁ ይሠራል፣ ዋጋውም ቀለል ያለ ነው። ከሩቅ ሲታይ ያምራል። ቀረብ ሲሉት ግን ነጥብ ነጥቡ ይታያል፤ ገጹም ስለሚያብለጨልጭ በመብራት ፊትን ይሸፍናል። ተጣጥፎ ከተቀመጠም እጥፋቱ አይለቅም።

ስቲከር ከጀርባው ማጣበቂያ ያለው ፕላስቲክ ነው። ለስላሳ በሆነ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ በመስታወት፣ በቁም ሣጥን በር ወይም በሰሌዳ ላይ ጥሩ ነው። ሻካራ ግድግዳ ላይ ጠርዙ ይላጣል፤ ሲነሣም ቀለሙን ይዞ ይነሣል።

ካንቫስ ከጥጥ ወይም ከፖሊስተር የተሠራ ሸራ ነው፤ በእንጨት ላይ ተወጥሮ ይሰቀላል። መስታወት ስለማይፈልግ ቀላል ነው፣ አያብለጨልጭም፣ የሰው ፊት ያምርበታል። ሲታተም በየጎኑ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ መተው አለበት። ያለዚያ በእንጨቱ ላይ ሲታጠፍ የሥዕሉ ጫፍ፣ አንዳንዴም የሠዓሊው ፊርማ፣ ወደ ጎን ይሄዳል።

የጥጥ ወረቀት ላይ በፒግመንት ቀለም ማተም ሠዓሊዎችና ፎቶ አንሺዎች ለኤግዚቢሽን የሚመርጡት ነው። ቀለም ሁለት ዓይነት መሆኑን እዚህ ላይ ልብ በሉ። ዳይ የሚባለው ስኳር በሻይ እንደሚሟሟ በውሃው ውስጥ የሟሟ ነው፤ ደማቅ ነው፣ ግን ብርሃን ቶሎ ያጠፋዋል። ፒግመንት የሚባለው እንደ ቡና ዱቄት በፈሳሹ ውስጥ የተንሳፈፈ በጣም የላመ ብናኝ ነው፤ ብርሃንን በተሻለ ይቋቋማል። አሲድ በሌለው የጥጥ ወረቀት ላይ በፒግመንት የታተመ ሥዕል በመስታወት ውስጥ፣ ከፀሐይ ርቆ ቢሰቀል ለልጅ ልጅ ይደርሳል። ለዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ እስከ አዲስ አበባ መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል።

ዩቪ የሚባለው ደግሞ ቀለሙን በልዩ መብራት ወዲያው አድርቆ በእንጨት፣ በመስታወት፣ በአሉሚኒየም ሰሌዳ ላይ የሚያትም ነው። ጠንካራ ነው፤ ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤት ኮሪደርና ለመዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ ይመቻል።

አንዳንድ ማተሚያ ቤት «ዢክሌ» የሚል ስም ይጠራላችሁ ይሆናል። ስሙ አያስደንግጣችሁ። ሙዚቀኛው ግርሃም ናሽ እ.ኤ.አ. በ1991 በካሊፎርኒያ የኪነ ጥበብ ማተሚያ ቤት ሲከፍት የተጠቀመበት አይሪስ የሚባለው ማሽን የተሠራው ለሥዕል አልነበረም፤ ከዋናው ህትመት በፊት ናሙና ለማየት ነበር። አብሮት ይሠራ የነበረው ጃክ ዱጋን ነው ለሥራው ከፈረንሳይኛ ወስዶ ያን ስም ያወጣለት። የመጀመሪያዎቹ ቀለሞች ግን ዳይ ነበሩና ውብ ሥዕሎች ቶሎ ደበዘዙ። ቀለሙ የተሻሻለው ከዚያ በኋላ ነው። ያ ማሽን ዛሬ ዋሽንግተን ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ውስጥ አለ። ስለዚህ ስሙን ትታችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ቀለሙ ፒግመንት ነው ወይ? ወረቀቱ ወይም ሸራው ከምን የተሠራ ነው?

ቦታው ዘዴውን እንደሚወስን ታላላቆቹ ሠዓሊዎቻችንም ያሳዩናል። አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ የገባ ሰው የአፈወርቅ ተክሌን ሥራ ያውቃል። 150 ካሬ ሜትር ያህል የሚሸፍነው፣ እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀው ሥራ በሸራ ላይ ቢሆን ኖሮ ከጀርባው የሚመጣው ፀሐይ ያጠፋው ነበር። እሱ ግን ቀለም በገባበት መስታወት ተሠራ፤ ፀሐዩ ራሱ ያበራዋል። ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2023 ሥራዎቿ በኒውዮርክ፣ በቺካጎ፣ በቦስተንና በአቢጃን ከ300 በላይ የአውቶቡስ ፌርማታዎች ላይ ወጥተው ነበር። አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱም እ.ኤ.አ. በ2024 ሥዕሏ በስስ ፕላስቲክ ታትሞ በቢኤምደብሊው የውድድር መኪና ላይ ተለብጦ በፈረንሳይ ለማን ሮጧል። ለመኪና የሚሆነው ለሙዚየም አይሆንም፤ ለፌርማታ የሚበቃውም ሳሎን ውስጥ ሌላ ነገር ይፈልጋል።

አሁን ወደ ፋይሉ እንምጣ። አያቶች፣ ይህችን ክፍል ዝለሉ አልላችሁም፤ ሒሳቡ ከክትባት ሒሳብ አይከብድም። በታብሌት የተሣለ ሥዕል የነጥቦች ስብስብ ነው። ቀርቦ ለሚታይ ሥዕል በየ2.5 ሴንቲ ሜትሩ 150 ያህል ነጥብ ቢኖር ጥሩ ነው። በዚህ ስሌት 60 በ80 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሥዕል 3,500 በ4,700 ነጥብ ገደማ ያስፈልጋል። ከአራትና ከአምስት ሜትር ርቀት ለሚታይ ባነር ግን የዚህ ሲሶ ይበቃል። ነጥቡ የሚወሰነው ልጁ ሥዕሉን ሲጀምር በሚመርጠው መጠን ነው። ካለቀ በኋላ መለጠጥ ሾርባ ላይ ውሃ እንደመጨመር ነው፤ ይበዛል እንጂ አይጣፍጥም።

ሌላው ቴሌግራም ነው። ሥዕሉን እንደ ፎቶ ከላካችሁት መተግበሪያው ይጨምቀዋል፤ ብዙ ጊዜ ረጅሙ ጎን 1,280 ነጥብ ያህል ሆኖ ይደርሳል። ያን 80 ሴንቲ ሜትር ላይ ብትዘረጉት እያንዳንዷ ነጥብ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ትበልጣለች፤ ዓይን ይደበዝዛል፣ ፂም ይጠፋል። «እንደ ፋይል» ብላችሁ ላኩ፣ ወይም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። የጎረቤቴ የልጅ ልጅ መጠኑን ከመነሻው በትልቁ ይዛ ስለነበር በዚህ በኩል ዳንን።

ያልዳንበት ሌላ ነገር ነበር፤ እሱም የፊት ቀለም ነው። ስክሪን የሚያበራ ነገር ነው፤ ወረቀት አያበራም። ስለዚህ ማንኛውም ሥዕል ሲታተም ጠቆር ይላል። ቀይ ዳማና ጠይም ፊት ደግሞ ከሁሉ በፊት በጥላው ውስጥ ይሰጥማል። አታሚው ወጣት መጀመሪያ በትንሽ ወረቀት ያወጣውን ሲያሳየን ጎረቤቴ ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን ወስደው አዩትና «ይሄ እሱ አይደለም» አሉ። ልጅቷ ልታለቅስ ደረሰች፤ ሥዕሏ የተጠላ መስሏት ነበር።

ወጣቱ ግን ሥራውን የሚያውቅ ነው። «ማዘር፣ ሥዕሉ ምንም አልሆነም፤ ስልኩ ነው የሸወደን» አለና ፊቱን ብቻ በሦስት ዓይነት ብርሃን፣ በእጅ መዳፍ ልክ፣ አንድ ወረቀት ላይ ደርድሮ አወጣ። ጎረቤቴ ሦስቱንም ቀስ ብለው አዩ። መካከለኛዋ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው «ይቺ ናት። ከመንገድ ሲመጣ እንዲህ ነበር» አሉ። ልጅቷም «አያቴ፣ አቧራውን እኮ ሆን ብዬ ነው የጨመርኩት» አለቻቸው። እኔ ወደ ውጭ ወጥቼ ትንሽ ቆየሁ።

ስለዚህ የናሙና ገንዘብ አትሰስቱ። ከሙሉ ህትመቱ በፊት ፊቱን ወይም ዋናውን ክፍል በትክክለኛው መጠን፣ በዚያው ቀለምና በዚያው ወረቀት አስወጡ። ናሙናውን ቤት ወስዳችሁ በሚሰቀልበት ቦታ፣ በቀንም በማታ መብራትም እዩት። ስክሪን ላይ የሚያንጸባርቀው አረንጓዴና ሰማያዊ በህትመት እንደሚደበዝዝም ለልጁ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ጥፋቱ የእሱ እንዳይመስለው።

በመጨረሻ ቤተሰቡ እንዲህ ተስማማ። ባነሩ ከሁለት በሦስት ወደ አንድ በአንድ ሜትር ተኩል ወረደ፤ ለአንድ ቀን፣ ለድንኳኑ መግቢያ ይበቃል ተባለ። ከዚያ የተረፈው ገንዘብ ላይ አጎትየው ጥቂት ጨመሩና 60 በ80 የሆነ ካንቫስ በፒግመንት ቀለም ተሠራ። የጥጥ ወረቀቱ ቢያምርም መስታወትና ፍሬም ሲጨመርበት ከአቅም በላይ ሆነ። ካንቫሱም በደንብ ከተያዘ ዕድሜ አለው።

አሁን እንደ ጤና ባለሙያ የምለው አለኝ። አዲስ የታተመ ባነር ወይም ስቲከር የሚሸተው ሽታ ከቀለሙ የሚተን ሶልቨንት ነው፤ ኢኮ የሚል ስም ስላለው ምንም አይተንም ማለት አይደለም። ራስ ምታት ያመጣል፣ አስም ያለበትን ሰው ደረት ይይዛል። ስለዚህ ከማተሚያ ቤት እንደመጣ ጠቅልላችሁ አታስቀምጡት። ዘርግታችሁ፣ አየር በሚገባበት ጥላ ሥር፣ ሽታው እስኪጠፋ ጥቂት ቀን አቆዩት። አራስ፣ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም አስም ያለበት ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ ሰፊ ባነር ባይሰቀል እመርጣለሁ። ለልጆች ክፍል ከሆነ ላቴክስ የሚባለውን በውሃ ላይ የተመሠረተ ቀለም ጠይቁ፤ ሽታው አነስተኛ ነው። ከአልጋ በላይ ደግሞ በመስታወት የተሠራ ከባድ ፍሬም አትስቀሉ።

አሰቃቀሉም ዘዴ አለው። ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበትን ግድግዳ ምረጡ፤ ጠዋትም ከሰዓትም ቆማችሁ እዩት። ቡና የሚፈላበትና ዕጣን የሚጨስበት ጥግ ጥሩ አይደለም፤ ጢሱ ካንቫስ ላይ ይቀመጣል፣ አይታጠብምም። በክረምት የሚረጥብ ግድግዳ ከሆነ ከፍሬሙ ጀርባ በአራቱም ማዕዘን ትንንሽ ቡሽ ለጥፉ፤ አየር ያልፋል። መስታወት ያለው ፍሬም ሲሆን ሥዕሉ መስታወቱን እንዳይነካ በመሃሉ የካርቶን ክፈፍ ይግባ። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ አንሡ፤ ውሃና በረኪና አይነካው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። አሮጌ ፎቶ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ዋናውን በፕላስቲክ እንዳያስለብጡባችሁ። ሙቀቱና ማጣበቂያው አንዴ ከያዘው አይመለስም። ስካን አስደርጋችሁ ዋናውን በወረቀት ፖስታ ውስጥ፣ በጨለማና በደረቅ ቦታ አስቀምጡ። የልጁን ፋይልም ከታብሌቱ ውጪ በሁለት ቦታ፣ አንዱን በፍላሽ ሌላውን በኢሜይል፣ አኑሩ። ህትመት ቢጠፋ ይደገማል፤ ፋይል ከጠፋ የሁለት ወር ሥራ ጠፋ ማለት ነው።

ማተሚያ ቤት ስትሄዱም ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። ዋጋውን እናንተ ተከራከሩ፤ ስለ ቀለሙ ግን አታሚው ልጁን ይጠይቀው። ከሥዕሉ ጀርባ የሳለው ልጅ ስም፣ የተሣለው ሰው ስምና ዓመተ ምሕረቱ ይጻፍበት። ጎረቤቴ ቤት ያለው ካንቫስ ጀርባ ላይ ልጅቷ ስሟን የጻፈችው በትንሹ፣ በአንድ ጥግ ነበር፤ አያቷ ናቸው «በትልቁ ጻፊው እንጂ፣ ማን እንደሳለው ይወቁ» ያሏት።

በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ ሰላም ሰንብቱ።